የቺንቺላዬ ፀጉር መጣበቅ እንዴት ተወ

ቤቴ የማሳድጋት ቺንቺላ (አይጥ መሰል፣ ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ትንሽ እንስሳ ነው) የጀርባ ፀጉሩ እየወዛና እየተያያዘ አስቸገረኝ። በጣቴ ስከፍተው እንደ ረጠበ ጥጥ ይጣበቃል። መጀመሪያ የመጣልኝ በውሃ ማጠብ ነበር። እንኳንም አላደረግኩት! የቺንቺላ ፀጉር ከአንዲት ቀዳዳ ከ50 በላይ ሆኖ ነው የሚበቅለው። አንዴ ከራሰ ውስጡ ቶሎ አይደርቅም፤ ይበርደዋል፣ ቆዳው ላይም ፈንገስ ሊወጣበት ይችላል።

"ቺንቺላ አቧራ ላይ እየተንከባለለ አይታጠብም እንዴ?" ትሉኝ ይሆናል። ይታጠብ ነበር፤ ችግሩ እኔ የሰጠሁት አሸዋ መሆኑ ነው። በጣቶቼ መሃል ሳሸው ይቆረቁራል። አሸዋ ፀጉሩን ይሰባብራል እንጂ ሥሩ ድረስ ገብቶ ወዙን አይመጥም። ስለዚህ ለቺንቺላ ተብሎ የሚሸጠውን፣ እንደ ዱቄት የላመ የእሳተ ገሞራ አቧራ ገዛሁ። በትውልድ ስፍራው፣ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮችም የሚንከባለለው በአቧራ ነው።

ከበድ ያለ ሳህን ላይ ሁለት ጣት ያህል አፈሰስኩለት። ወዲያው ዘሎ ገብቶ ይገለባበጥ ጀመር፤ ክፍሉ ጉም ለበሰ። (ስለ ጥቁር ሹራቤ አትጠይቁኝ።) በሳምንት 3 ጊዜ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። ከዚያ ሳህኑን አወጣለሁ፤ ከተተወለት ይሸናበታል፣ ቆዳውም ከልክ በላይ ይደርቃል።

ያም ሆኖ የተሻለው ግማሹ ብቻ ነበር። ቀሪው ጥፋት የክፍሉ እርጥበት ነው። ለካ የታጠበ ልብስ እዚያው እያሰጣሁ ኖሯል! ልብሱን ሌላ ቦታ ወስጄ እርጥበቱ ከ50 በመቶ በታች ሲወርድ፣ በሁለተኛው ሳምንት ፀጉሩ ተፍታታ። አሁን እፍ ስልበት ተከፍቶ ቆዳው ይታያል።