ርካሽ ድስትን ለቢራ ጠመቃ ማዘጋጀት

ትልቅ ድስት ብቻውን ቢራ ለመጥመቅ ይበቃል። ጭንቁ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ 25 ሊትር የሚንተከተክ የብቅል ውሃ ከነድስቱ ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል፣ የርካሽ ድስት ጆሮ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሁለት ሪቬት ብቻ የተያዘ ነው። ያንን አንስቶ መገልበጥ ገላን ለማቃጠል መቸኮል ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚሠራው ከግርጌው በላይ ቀዳዳ በስቶ ቧንቧ መግጠም ነው። ቴርሞሜትሩም ሌላውም ጌጥ ቆይቶ ይደርሳል።

20 ሊትር ቢራ ለሚያስብ ሰው ከ30 እስከ 36 ሊትር የሚይዝ ድስት ይመከራል። አንድ ሰዓት ሲፈላ ከ3 እስከ 5 ሊትር በእንፋሎት ይሄዳል፤ ገና ሊፈላ ሲልም አረፋው በአንዴ ተነስቶ እስከ አፉ ይደርሳል። 304 ወይም 18/8 የሚል ምልክት ያለበት የማይዝግ ብረት ጥሩ ነው፣ ግርጌው ስስ ከሆነ ግን ስኳሩ እንዳያርር እሳቱን መጠን አድርጉ። አሉሚኒየምን መፍራት አያስፈልግም፤ ሙቀት በእኩል ያዳርሳል፣ ለመብሳትም ይቀላል። አዲስ ሲሆን ውሃ ሞልታችሁ ለግማሽ ሰዓት ያህል አፍሉበት። ውስጡ ግራጫ ቢሆን መከላከያው ስለሆነ በሽቦ ፈትጋችሁ አታንሱት፤ በኮስቲክ ሶዳም አትጠቡት፣ ብረቱን ይበላዋል። ኢሜል የተቀባ ድስት ሲበሳ ቅቡ ይረግፍና ከሥሩ ያለው ብረት ይዝጋል። ዚንክ የተለበጠውን ደግሞ ጭራሽ አታስቡት፤ የብቅል ውሃ አሲድነት ስላለው ዚንኩን ያሟሟዋል።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ የ½ ኢንች ቦል ቫልቭ (በውስጡ ባለች ኳስ የሚከፈትና የሚዘጋ ቧንቧ)፣ የ½ ኢንች ኒፕል (ጥርስ ያለው አጭር ቱቦ)፣ አንድ ዳዶ፣ ሁለት ሰፋ ያሉ የማይዝጉ ሮንዴላዎች፣ በኒፕሉ ላይ ጥብቅ ብሎ የሚቀመጥ 3 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የሲሊኮን ኦሪንግ (ፍሳሽ የሚከላከል ቀለበት)፣ ጥርስ ላይ የሚጠቀለል ቴፍሎን። ጥቁሩ ተራ ጎማ ሲፈላ ጣዕም ስለሚለቅ አይተካውም። ስትገዙ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥርስ እንዳላቸው አረጋግጡ። በ½ ኢንች ላይ ኤንፒቲም (የአሜሪካው የቧንቧ ጥርስ ደረጃ) ቢኤስፒም (የእንግሊዙ) በአንድ ኢንች 14 ጥርስ ስላላቸው ጀምረው ይገባባሉ፤ የጥርሱ ማዕዘን ግን የአንዱ 60፣ የሌላው 55 ዲግሪ ስለሆነ የቱንም ያህል ብታጠብቁ ያንጠባጥባሉ።

የቀዳዳውን ቦታ ለመምረጥ አትቸኩሉ። መሃሉ ከግርጌው 4 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል። ከዚያ ዝቅ ካለ የድስቱ መታጠፊያ ላይ ይወድቅና ኦሪንጉ ሙሉ ለሙሉ አይነካም። ከጆሮው በታች ሳይሆን በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ይሁን፣ ድስቱን ስትይዙ የሚፈሰው ነገር ወደ እጃችሁ አይመጣም።

ቦታው ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉና ምልክት አድርጉ። ከውስጥ በኩል እንጨት ደግፋችሁ ነጥቡን በሹል ብረት ምቱት፤ ያለዚያ ፑንታው እየተንሸራተተ ድስቱን ይፍቀዋል። በ3 ሚሊሜትር ፑንታ ጀምሩ፣ ከዚያ ደረጃ ባለው ፑንታ እስከ 22 ሚሊሜትር አስፉት። የኒፕሉ ጥርስ ውጫዊ ስፋት 21 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ 22 ልክ ይሆናል። የመጨረሻውን ደረጃ በማርከር ቀቡት፤ ስስ ብረት ላይ ፑንታው ድንገት ሰምጦ 24 ከገባ ሮንዴላው እንኳ አያድነውም።

የማይዝግ ብረት የሚበሳው በዝግታና በኃይል ነው። ድሪሉን በፍጥነት አዙሮ በቀስታ መጫን ብረቱን ያሞቀዋል፣ የሞቀው ደግሞ ይጠነክራል፣ ከዚያ ፑንታው ይደንዛል። ጠብ ጠብ የሚል የመቁረጫ ዘይት አትንፈጉት። የተጠቀለለ ረጅም ፍቅፋቂ ከወጣ እየቆረጠ ነው፤ ጩኸትና ጭስ ብቻ ከሆነ አቁሙ፣ አቀዝቅዙ፣ ፑንታውን አዩ። ሲያልቅ ጠርዙን ከውስጥም ከውጭም በሞረድ አለስልሱ። አብዛኛው ፍሳሽ የሚመጣው ዓይን ከማያያት አንዲት ሹል ጠርዝ ነው፤ ኦሪንጉን ትቆርጠዋለች። ፍቅፋቂውን አጥባችሁ አውጡ፣ የተረሳ የፑንታ ብናኝ በማይዝገው ብረት ላይም ቢሆን የዝገት ነጥብ ይተዋል።

ሲገጠም ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ኒፕሉ ላይ ቴፍሎኑን በጥርሱ አቅጣጫ 4 ወይም 5 ዙር ጠቅልሉና ቫልቩን እሰሩበት። ሮንዴላ አግቡ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ አሳልፉት። ከውስጥ ኦሪንጉ፣ ከዚያ ሁለተኛው ሮንዴላ፣ ከዚያ ዳዶው። ቴፍሎኑ ኦሪንጉ የሚያርፍበትን ጥርስ ጭምር ይሸፍን። ኦሪንጉን ውስጥ ማድረጉ የግድግዳውን ሽቅብ ከሚልሰው ነበልባል ይጠብቀዋል። በእጅ ካጠበቃችሁ በኋላ ዳዶውን በመፍቻ ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር ጨምሩ፤ ኦሪንጉ በሮንዴላው ጎን ሲያብጥ ካያችሁ አልፋችሁታል፣ መልሱ።

ቀዝቃዛ ውሃ ሞልታችሁ ግማሽ ሰዓት ተውት። ከዚያ 15 ደቂቃ አፍሉ፣ ይቀዝቅዝ፣ እንደገና እዩት። ከቀዘቀዘ በኋላ ቢያንጠባጥብ ጥቂት ማጥበቅ ይበቃል። ከሮንዴላው ሥር ያለማቋረጥ ከወረደ ፈታችሁ ጠርዙን ዳስሱ። ከቫልቩ አንገት ከሆነ ጥፋቱ የቴፍሎኑ ነው።

ዲያሜትሩ 36 ሴንቲሜትር በሆነ ድስት ከቀዳዳው መሃል በታች 4 ሊትር ገደማ ይቀራል፣ ያም ከምርቱ አምስተኛው ነው። ስለዚህ ከውስጥ ወደ ታች የታጠፈ 12 ሚሊሜትር የመዳብ ቱቦ በመጋጠሚያ እሰሩ፣ ጫፉ ከግርጌው 5 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ወደ ግድግዳው ይጠጋ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ በማንኪያ አሽከርክራችሁ 15 ደቂቃ ብትተዉት አተላው መሃል ላይ ይከመራል፣ ቱቦው ከጎን ጥሩውን ይስባል። መጋጠሚያው አየር ካስገባ ግን ከፍታው ቀዳዳው ጋ ሲደርስ መሳቡ ይቋረጣል።

ብቅሉን በጨርቅ ከረጢት በዚሁ ድስት የምትዘፈዝፉ ከሆነ ከግርጌው የሽቦ ማስቀመጫ አስቀምጡ፣ ከረጢቱ ሥሩ እንዳያርር። ለልኬት የእንጨት ዘንግ ይበቃል፦ ውሃ ሊትር በሊትር እየጨመራችሁ ምልክት ቁረጡበት። ውሃ ከክፍል ሙቀት እስከ መፍላት 4 በመቶ ስለሚሰፋ 20 ሊትር ሲፈላ 21 ሊጠጋ ነው፤ ጠፋ ወይም በዛ ብላችሁ አትደናገጡ።

መግጠሚያው ነሐስ መሳይ ቢጫ ብረት ከሆነ ላዩ ላይ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። 2 እጅ ኮምጣጤ ከ1 እጅ የ3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጋር ቀላቅላችሁ እስከ 15 ደቂቃ ዘፍዝፉት፤ ቅቤ የመሰለ ቀለም ሲይዝ አውጥታችሁ እጠቡት። ፈሳሹ ወደ አረንጓዴ ከሄደ መዳቡ መሟሟት ጀምሯል፣ ዘግይታችኋል።

ቫልቩን በየጥቂት ጠመቃው ፈትታችሁ እጠቡ። ከኳሷ ጀርባ የብቅል ውሃ ተይዞ ይቀራል፣ ከውጭ ንጹህ ቢመስልም ውስጡ ይሻግታል። ለማጠብ ሦስት ቦታ የሚፈታታው የቫልቭ ዓይነት ትንሽ ቢወደድም ለዚህ ሥራ ይሻላል።