ዓለምን ወደ ክፍል ሲያስገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ተማሪዎች ከአገራቸው ውጭ ያለውን ዓለም እንዲያውቁ የሚተጉ መምህራን ጥቂት አይደሉም። ጥረታቸውን የሚያበላሹት ስህተቶች አብዛኞቹ በቅን ልቦና የሚሠሩ ናቸው።

የበዓል ቀን ማድረግ። በዓመት አንድ ቀን የአገራት ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፣ የባህል ልብስ ይለበሳል፣ ይጨፈራል፤ በማግስቱ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ድግሱን አልጠላም፤ ብቻውን ሲቀር ግን ባህል ማለት ልብስና ጭፈራ ነው የሚል ግንዛቤ ትቶ ያልፋል። ዋናው ሥራ ያለው በዘወትሩ ትምህርት ውስጥ ነው። ለምሳሌ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የዓለም ካርታ ብዙ ጊዜ ካርታ ሠሪው መርኬተር እ.ኤ.አ. በ1569 ባወጣው ስልት የተነደፈ ነው። ስልቱ መርከበኞች አቅጣጫቸውን እንዲጠብቁ የታሰበ በመሆኑ ወደ ዋልታዎቹ በተጠጋ ቁጥር ስፋትን ይለጥጣል። በዚህም ግሪንላንድ አፍሪካን የምታክል ትመስላለች፤ አፍሪካ ግን 14 እጥፍ ያህል ትበልጣታለች። «ይህ ካርታ ለማንና ለምን ተሠራ?» ብሎ መጠየቅ ከሰንደቅ ዓላማው ሰልፍ የበለጠ ያስተምራል። የሂሳብ መምህሩም ቢሆን በዜሮ የማስላትን ደንብ የሂሳብ ሊቁ ብራህማጉፕታ እ.ኤ.አ. በ628 ሕንድ ውስጥ እንደጻፈ ለመናገር ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል።

ተማሪን የአገር ቃል አቀባይ ማድረግ። «እናንተ አገር ይህ እንዴት ነው?» ተብሎ በክፍሉ ፊት የሚጠየቅ ልጅ የሚያውቀው ቤተሰቡንና ሰፈሩን ነው። ራሱ ሲፈልግ ይናገር።

ማገናኘት ብቻውን ይበቃል ማለት። የሥነ ልቦና ሊቁ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስረዳው፣ የተለያዩ ወገኖች መገናኘታቸው ጭፍን ጥላቻን የሚቀንሰው በእኩልነት ሲገናኙ፣ የጋራ ግብ ሲኖራቸው፣ ተባብረው ሲሠሩና የተቋም ድጋፍ ሲያገኙ ነው። ሁለት ክፍሎችን በቪዲዮ አገናኝቶ «በሉ ተዋወቁ» ማለት ከእነዚህ አንዱንም አያሟላም። ከሁሉ የሚዘነጋው እኩልነቱ ነው፤ ንግግሩ በአንደኛው ወገን ቋንቋ ብቻ ከሆነ ሌላኛው ገና ሳይጀመር ተበልጧል። ይልቅ አንዱ ያለ ሌላው የማይጨርሰው ሥራ ይሰጣቸው፦ በየአካባቢያቸው የዝናብ መጠን ለክተው ልዩነቱን በጋራ ያብራሩ።

የውጭ ጉዞን መጠበቅ። ብዙኃኑ ተማሪ በትምህርት ዘመኑ ድንበር አይሻገርም። ስለዚህ ሥርዓተ ትምህርቱ ራሱ ይታይ።

ሁሉን ነገር «ባህላቸው ነው» ብሎ ማለፍ። አክብሮት ይመስላል፤ ሲፈተሽ ግን ስንፍና ነው። በየትኛውም ኅብረተሰብ ውስጥ ስለ ልማዱ የሚከራከሩ ሰዎች አሉ። ተማሪዎች ልማዱን ብቻ ሳይሆን፣ እዚያው የሚደግፉትንና የሚቃወሙትን ሰዎች ምክንያት ጎን ለጎን ያንብቡ።