ድረ ገጻችሁን ማን እንደሚያየው እንዴት ታውቃላችሁ?

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ፈርኒቸር ቤት ያለው ወዳጄ ድረ ገጽ አሠራ። "በቀን 40 ጊዜ ይከፈታል" እያለ ሲኩራራ ከረመ። ቁጭ ብለን ስናየው ብዙውን ጊዜ የሚከፍተው ራሱ ነው። ሱቁ ለመጣ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ያሳያላ!

ስለዚህ ከመጀመሪያው እንጀምር። መሣሪያችን ጎግል አናሊቲክስ ነው፤ ድረ ገጻችሁን ስንት ሰው እንደከፈተውና ከየት እንደመጣ ይቆጥርላችኋል።

1. አካውንቱን በራሳችሁ ስም ክፈቱ። ነጻ ነው፤ ጂሜይል ይበቃል። ድረ ገጹን የሠራው ልጅ በራሱ ኢሜይል ከከፈተው፣ የተጣላችሁ ቀን መረጃውም አብሮት ይሄዳል። የሰዓት ክልሉን ኢትዮጵያ አድርጉ። ሪፖርቱ ላይ 20 ሰዓት የሚለው የኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው።

2. በ"ጂ" ፊደል የሚጀምር መለያ ይሰጣችኋል። ለሠሪው ላኩለትና ሁሉም ገጽ ላይ ያስገባው። ከዚያ በስልካችሁ ድረ ገጹን ክፈቱ። "ሪልታይም" የሚለው ክፍል ባለፉት 30 ደቂቃዎች የገባውን ያሳያል። ራሳችሁን እዚያ ካገኛችሁ ሠርቷል።

3. ዝርዝር መረጃው ካልነካችሁት የሚቆየው 2 ወር ነው። ሴቲንግ ውስጥ "ዳታ ሪቴንሽን" የሚለውን 14 ወር አድርጉት።

4. ራሳችሁን ከቆጠራው አውጡ። የሱቁን ዋይፋይ ማስወጣት ይቻላል። በሞባይል ዳታ ከሆነ ግን የስልኩ የኢንተርኔት አድራሻ (አይፒ) ስለሚቀያየር አይሠራም። ወዳጄ አሁን ለደንበኛ የሚያሳየው ከጋለሪው ነው፤ ተገላገልን።

5. አንድ ወር ጠብቁና ሰው ከየት እንደመጣ እዩ። ዋናው ነገር ይሄ ነው። "ኦርጋኒክ ሰርች" ማለት ጎግልን በመሰለ መፈለጊያ ፈልጎ ያገኛችሁ ሰው ነው። "ዳይሬክት" ደግሞ አድራሻውን ራሱ ጽፎ የገባ ነው ይባላል። ግን ማን ጽፎ ይገባል? ከቴሌግራም ሊንክ ነክቶ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ውስጥ ይደባለቃል፤ አፑ ከየት እንደተነሳ አይናገርማ። መፍትሔው ለየቦታው የተለየ ሊንክ መለጠፍ ነው። ጎግል ሊንኩ ላይ ዩቲኤም የሚባል፣ ሰው ከየት እንደመጣ የሚናገር ምልክት የሚጨምር ነጻ መሣሪያ አለው። ወዳጄ አንዱን ለቲክቶክ፣ አንዱን ለነዋሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ አዘጋጀ። ሌሊቱን ሙሉ ቪዲዮ ሲያቀናብር የሚያድርለት ቲክቶክ ከግሩፑ በእጅጉ ያነሰ ሰው አመጣ። ፊቱን ብታዩት!

ከተማ የሚለውን ግን ብዙ አትመኑት፤ ግምት ነው። ገላን ያለ ሰው አዲስ አበባ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል።

6. የትኛው ገጽ ላይ ጥለው እንደሚወጡ እዩ። የወዳጄ የቁምሳጥን ገጽ ብዙ ሰው ይከፍተዋል፣ ወዲያው ይወጣል። ዋጋው ነው ብሎ ነበር። ሱቁ በር ላይ ቆመን በዳታ ከፈትነው። ፎቶው ከላይ ወደ ታች እየተንፏቀቀ ይመጣል፤ ስልክ ቁጥሩ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው። ፎቶዎቹን አሳነሰ፣ ቁጥሩን ወደ ላይ አወጣ።

7. ስልክ ቁጥሩ ሲነካ እንዲቆጠር ሠሪውን "ኪይ ኢቨንት" (ለብቻው የሚቆጠር ዋና ድርጊት) አድርግልኝ በሉት። የደንበኛ ስምና ስልክ ግን ወደ አናሊቲክስ እንዳይገባ፤ ጎግልም ይከለክላል፣ እኛም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን።

ወዳጄ ለደወለ ሁሉ "የት አዩን?" እያለ በደብተር ይጽፋል። ሰኞ ሰኞ ደብተሩንና ሪፖርቱን ጎን ለጎን ያያል። ያልገጠሙ ዕለት ለኔ ይደውላል።