ሽቦ ቂመኛ ነው፦ የዶቃ ሐብል በእጅ ስትሠሩ የሚያስቸግሩ ነገሮች

የእናቴ ጓደኛ አንድ ቀን በመሀረብ የቋጠሩትን 23 ዶቃ ይዘውልኝ መጡ። የድሮ ሐብላቸው ክር ተበጥሶ ዶቃው ሁሉ ተበትኖ፣ ከአልጋ ሥር ሳይቀር ተለቅሞ የተረፈው ነው። «ክር ይቅርብኝ፤ በመዳብ ሽቦ አድርጊልኝ» አሉኝ። የሦስት ምሽት ሥራ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አንዴ ጨርሼው ነበር፤ ሲያጠልቁት አንገታቸውን ያዛቸው። ፈታሁት።

ስለዚህ ከልኬቱ ልጀምር። አንገትን በክር ለክታችሁ በዚያው ርዝመት ከሠራችሁ ሐብሉ ያጥራል። ክር ቀጭን ነው። ዶቃ ግን ውፍረት አለው፤ ያ ውፍረት ወደ አንገት በኩል ገብቶ ቦታ ይበላል። መላው ቀላል ነው፦ የዶቃውን ውፍረት በ3.14 አባዙና ውጤቱን ጨምሩበት። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ዶቃ ከሆነ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ባለ 10 ከሆነ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ማለት ነው። ደረት ላይ ለሚወርድ ረጅም ሐብል ይህ ብዙም አያስጨንቅም። አንገት ሥር ለሚቀመጥ ግን ልክክ ማለቱንና ማነቁን የሚለየው እሱ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ሰውየው የሚወዱትን ሌላ ሐብል ተቀብሎ መለካት ነው። እኔ ይህን የጠየቅኳቸው ከፈታሁት በኋላ ነው።

ቀጥሎ ሽቦው። የሽቦ ውፍረት ቁጥር፣ ጌጅ የሚሉት፣ መጀመሪያ ላይ ያደናግራል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ሽቦው ይቀጥናል። ባለ 18 ጌጅ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ ባለ 22 ደግሞ 0.64፣ ባለ 24 ግማሽ ሚሊ ሜትር። ለእንዲህ ያለ ሥራ ባለ 22 እወዳለሁ፤ ጠንካራ ነው፣ ቅርጹንም ይይዛል። ግን ሽቦውን የሚመርጠው ሠሪው አይደለም፤ ቀዳዳው ነው። ሳትገዙ በፊት እያንዳንዱን ዶቃ ፈትሹ። እያንዳንዱን ነው ያልኩት። የድሮ ዶቃ ቀዳዳ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፣ አንዱ ደግሞ ጠማማ ነው። ከ23ቱ ውስጥ ባለ 22 ሽቦ 19ኙ ውስጥ አለፈ፣ አራቱ እምቢ አሉ። አንደኛውን በግድ ስገፋው ተሰነጠቀ። የሰው ዶቃ ነው! እንዴት እንደነገርኳቸው ባላስታውሰው ይሻለኛል። የብርጭቆ ዶቃ ቀዳዳ ማስፋት የግድ ከሆነ፣ የአልማዝ ብናኝ የተለበጠ ቀጭን ሞረድ ይዛችሁ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ በቀስታ አሽከርክሩ። ውሃው ሙቀቱንም አቧራውንም ይይዛል። እኔ ግን አልደገምኩትም፤ ሁሉንም በባለ 24 ሠራሁት።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ሽቦ ቂመኛ ነው። አንዴ ያለ ቦታው ካጠፋችሁት ብታቃኑትም ምልክቱ አይለቅም። እያጠፋችሁ እያቃናችሁ ስትመላለሱበት ደግሞ እየጠነከረ ይሄዳል፤ በመጨረሻ እዚያው ቦታ ላይ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ስለዚህ የአንድ ዘለበት (አንድ ዶቃ ግራና ቀኝ ካሉት ቀለበቶቹ ጋር ማለት ነው) ሽቦ ከተበላሸ አትጠግኑት፤ ቆርጣችሁ ጣሉት። መዳብ ርካሽ ነው፤ ለልምምድ የሚመረጠውም ለዚሁ ነው።

ለእያንዳንዱ ዶቃ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽቦ ቁረጡ። ስትቆርጡ ጫፉን ወደ ታች አድርጉት፣ በእጃችሁም ጋርዱት፤ ቁራጩ ተፈናጥሮ ዓይን ውስጥ ይገባል። ከሽቦው ጫፍ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብላችሁ በጠፍጣፋ ፒንሳ ያዙና ወደ ጎን ዘጠና ዲግሪ እጠፉ። ከዚያ ክብ አፍንጫ ባለው ፒንሳ መታጠፊያው ላይ ይዛችሁ ሽቦውን ዙሪያውን አዙሩት፤ ቀለበት ይሆናል። ከቀለበቱ ሥር ግንዱን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ጠምጥሙ። ትርፉን ቁረጡና ጫፉን በፒንሳ ተጫኑት። ዶቃውን አስገቡና በሌላው በኩል ድገሙት፤ እዚህኛው ጋ ለጥምጥሙ የሚሆን 2 ሚሊ ሜትር ግንድ ከዶቃው በላይ ተዉለት።

ሁለት ነገር እዚህ ጋ ሰውን ያስለቅሳል። አንደኛው፣ ከመጠምጠማችሁ በፊት ቀለበቱን ካለፈው ዘለበት ጋር ማያያዝ መርሳት ነው። ከጠመጠማችሁ በኋላ መግቢያ የለውም፤ አልቋል። እኔ አንድ ምሽት ላይ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ረስቼ ፒንሳዬን አስቀምጬ ተኛሁ። ሁለተኛው፣ የቀለበቶቹ መጠን መለያየት ነው። የፒንሳው አፍንጫ ከሥሩ ወፍራም፣ ከጫፉ ቀጭን ስለሆነ የያዛችሁበት ቦታ ትንሽ ሲንሸራተት ቀለበቱ ይለወጣል። አፍንጫው ላይ በማርከር መስመር አድርጉና ሁልጊዜ እዚያው ላይ ጠምዝዙ። ቀለሙ ሲለቅ መልሳችሁ ቀቡት።

የመጀመሪያውን ዘለበት እንደጨረሳችሁ ለኩት። የእኔ ከነቀለበቱ 1.5 ሴንቲ ሜትር መጣ። በቀሩት 22 ዶቃዎች ሲባዛ 33 ነው። የተፈለገው 50። የጎደለውን ከጀርባ በኩል፣ ፀጉር በሚሸፍነው ቦታ፣ ዶቃ በሌለው የመዳብ ሰንሰለት ሞላሁት።

ሲያልቅ በጣታችሁ አትፈትሹ፤ ጣት እየለመደ ይሄዳል። ሐብሉን በናይለን ካልሲ ወይም በስስ ሹራብ ላይ ጎትቱት። የያዘበት ቦታ ሁሉ አንገትም ይቧጭራል፤ ሞርዱት ወይም ተጫኑት። መዳብ ከላብ ጋር ሲገናኝ ቆዳን አረንጓዴ ሊያደርግ እንደሚችልም አስቀድማችሁ ንገሩ፤ በሳሙና ይለቃል። ኒኬል የሚባለው ብረት የሚያሳክከው ሰው ስላለ መቆለፊያ ስትገዙ ኒኬል እንዳለበትም ጠይቁ።

መቆለፊያ ካነሳን፣ መጀመሪያ የገጠምኩላቸው ትንሽዬ ነበረች፣ ቆንጆ። እሳቸው ግን ጣታቸው እንደ ድሮው አይታዘዝላቸውም፤ ልጃቸው ካልመጣች አያጠልቁትም ነበር። ባለ 18 ሽቦ ወስጄ ትልቅ መንጠቆ ሠራሁና ብረት ላይ አስቀምጬ በመዶሻ ቀጥቀጥ አደረግኩት፤ ሲቀጠቀጥ ይጠነክራል፣ አይከፈትም። አሁን ማንኛውንም ሐብል ከማስረከቤ በፊት ራሴ አንገቴ ላይ አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄን ወደ ኋላ ወስጄ እቆልፈዋለሁ። ሦስት ሙከራ ከፈጀብኝ መንጠቆውን እንደገና እሠራዋለሁ።