በጎንደር ዙሪያ አሞራዎችንና ሌሎች ትልልቅ ወፎችን ከመብራት መስመር እንዴት እንጠብቃለን?

ባለፈው ክረምት ከአዘዞ ወጣ ብሎ በቆመ የትራንስፎርመር ምሰሶ ሥር የሞተ ጥንብ አንሳ አገኘሁ። የቀኝ ክንፉ ጫፍ ጠቁሯል፣ አንድ እግሩ ተቃጥሏል። ጠዋት ላይ የሰፈሩ መብራት ድንገት ጠፍቶ ነበር፤ ሁላችንም «መብራት ሄደ» ብለን ወደ ሥራችን ተመለስን እንጂ ማን ምሰሶ ላይ ወጥቶ እንደሞተ ያሰበ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በምሰሶ ሥር ሳልመለከት አላልፍም። ወፍ የሚገድለው ምሰሶ ሁሉ እንዳልሆነ የገባኝም እንዲሁ ነው። ጥቂቶች ናቸው፣ እነዚያው ጥቂቶች ግን ደጋግመው ይገድላሉ። ስለዚህ የሥራው ዋና ነገር እነሱን ለይቶ ማስጠገን ነው።

ምክንያቱን እንወቅ

ወፍ በአንድ ሽቦ ላይ ብቻ ብታርፍ ምንም አትሆንም፤ ኤሌክትሪኩ በእሷ በኩል የሚያልፍበት መውጫ የለውም። አደጋው ሁለት ሽቦ በአንድ ጊዜ ስትነካ፣ ወይም አንዱን ሽቦና ከመሬት ጋር የተያያዘውን አግዳሚ ብረት አብራ ስትነካ ነው። ድንቢጥ ሰውነቷ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ታመልጣለች። ጥንብ አንሳ ግን ክንፉን ሲዘረጋ ከ1.5 ሜትር ይበልጣል፣ አባ ኮዳ ደግሞ ከ2 ሜትር በላይ ነው። በየሰፈሩ የሚዞረው የ15 ሺህ ቮልት መስመር ሽቦዎቹ ብዙ ጊዜ ከዚህ ባነሰ ርቀት ተቀራርበው ይሄዳሉ። ዝናብ ሲመጣ ነገሩ ይብሳል፤ የደረቀ ላባ ኤሌክትሪክን ይከላከላል፣ የረጠበ ግን ያሳልፋል። አሞራም ከዝናብ በኋላ ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ የሚሞቀው ከፍ ያለ ቦታ መርጦ ነው።

ትልልቅ የብረት ማማ ያለው የከፍተኛ ኃይል መስመር ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ሽቦዎቹ ይራራቃሉ፣ ስለዚህ ዋናው አደጋ ግጭት ነው። በተለይ ከሁሉም በላይ የሚሄደው ቀጭኑ የመብረቅ መከላከያ ሽቦ አይታይም፤ ወፏ ወፍራሞቹን አይታ ከፍ ስትል ቀጭኑን ትመታለች።

ከሁሉ በፊት ጥንቃቄ

ምሰሶ ላይ አትውጡ፣ ሌላ ሰውም አታስወጡ። በሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ወፍ ብታዩ በእንጨትም ሆነ በቆርቆሮ ለማውረድ አትሞክሩ። የተበጠሰ ሽቦ መሬት ላይ ካለ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ፣ ልጆችና ከብቶች እንዳይቀርቡ አድርጉ፣ ከዚያም ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ደውሉ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከመሬት ሆኖ በዓይንና በስልክ የሚሠራ ነው።

አደገኛውን ምሰሶ ፈልጉ

መጀመሪያ የትራንስፎርመር ምሰሶዎችን ተመልከቱ። አናታቸው ላይ ቁልቁል የሚወርዱ ብዙ ባዶ ሽቦዎች አሉባቸው፤ ከፊውዝ ወደ ትራንስፎርመሩ ራስ የሚሄዱት አጫጭር አገናኝ ሽቦዎች፣ ጃምፐር የሚባሉት፣ ለወፍ በጣም ቅርብ ናቸው። ቀጥሎ መስመሩ የሚታጠፍባቸውንና የሚያልቅባቸውን ምሰሶዎች እዩ፤ እዚያም ጃምፐሩ ከአግዳሚው ብረት በላይ የሚያልፍ ከሆነ ወፏ የምታርፍበት ቦታና ሽቦው እጅግ ይቀራረባሉ። ሦስተኛው ስኒዎቹ፣ ማለትም ሽቦውን ከብረቱ ለይተው የሚይዙት፣ በአግዳሚ ብረት ላይ ቀጥ ብለው የቆሙበት ምሰሶ ነው። ስኒው ከብረቱ በታች የተንጠለጠለበት ምሰሶ ይሻላል፣ ወፏ ከላይ ስታርፍ ሽቦው ከእግሯ ይርቃልና።

ቦታውም ይወስናል። ቄራ፣ ቆሻሻ መጣያ፣ የሞተ ከብት የሚጣልበት ሜዳ አሞራ ይሰበስባል፤ በአቅራቢያው ያለ ምሰሶ ማረፊያው ይሆናል። ዛፍ በሌለው ሜዳ ለብቻው የቆመ ምሰሶም እንዲሁ ነው። በደንቢያ ሜዳ ወደ ቆላድባና ወደ ጎርጎራ ስትሄዱ ይህን በግልጽ ታዩታላችሁ።

ለግጭት ግን ጣና አካባቢ ያስፈራኛል። ከመስከረም በኋላ ከሰሜን የሚመጡት ረጃጅም እግርና አንገት ያላቸው ትልልቅ ወፎች ማታ በረግረጉ ዳርቻ ያድራሉ፣ ጠዋት ወደ ማሳው ይወጣሉ። በማደሪያውና በማሳው መካከል የሚያልፍ መስመር ካለ፣ ጭጋግ ባለበት ማለዳና ሲመሽ ይመቱታል።

የሞተውን መዝግቡ

ጠዋት በማለዳ ሂዱ። ጎንደር ላይ ጅብና ውሻ ሌሊቱን ሬሳውን ስለሚወስዱ ከረፈደ በኋላ የሚገኘው ጥቂት ላባ ብቻ ነው። ምሰሶውን ዙሩ፣ በሣሩ ውስጥ እስከ 10 ሜትር ፈልጉ፤ ለግጭት ደግሞ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ከሽቦው በታች ሂዱ። የተቃጠለ ላባ፣ ጠቁሮ የተጠበሰ እግር የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ሳይቃጠል ክንፉ ወይም አንገቱ የተሰበረ በመስመሩ መሃል ከተገኘ ግጭት መሆኑ አይቀርም።

ቀኑን፣ የምሰሶውን ቁጥር ካለው፣ የስልካችሁን የካርታ ነጥብ፣ የወፏን ፎቶና የምሰሶውን አናት ፎቶ አስቀምጡ። የአናቱ ፎቶ ከሁሉም ይበልጣል፤ ቴክኒሻኑ ምን ይዞ መሄድ እንዳለበት የሚያሳየው እሱ ነው።

የተጎዳች ወፍ ካገኛችሁ

ከመስመሩ ርቃ መሬት ላይ ከሆነች ብቻ ቅረቡ። በነጠላ ወይም በወፍራም ጨርቅ ሸፍኗት፣ ጥፍሯንና ምንቃሯን ተጠንቀቁ፣ አየር በሚያስገባ ካርቶን አስቀምጧት። ውሃና ምግብ በግድ አታጉርሷት። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፣ እዚያ ጠይቁ። የኤሌክትሪክ ቃጠሎ ቆይቶ የሚታይ ስለሆነ «ደህና ናት» ብላችሁ በዚያው ቀን አትልቀቋት።

ጥያቄውን በትክክል አቅርቡ

እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ሄጄ «አሞራ እየሞተ ነው» ብዬ ተናገርሁ፤ የተቀበለኝ ሠራተኛ ሥራው አልመሰለውም፣ ምንም ሳይጻፍ ተመለስሁ። በሁለተኛው የምሰሶውን ፎቶ ይዤ፣ መብራቱ የጠፋበትን ቀን ጽፌ ሄድሁ፣ ያኔ ተሰማሁ። ወፍ ስትነካው መስመሩ ይቋረጣል፣ ፊውዝ ይበጠሳል፣ ሠራተኛ ይወጣል፤ ይህ ለአገልግሎቱም ወጪ ነው።

የምትጠይቁት ነገር ግልጽ ይሁን። በትራንስፎርመር ምሰሶ ላይ ጃምፐሮቹ ለዚያ ቮልቴጅ በተሠራ መሸፈኛ ይሸፈኑ፣ የትራንስፎርመሩ ራስም ክዳን ይግባለት። የውሃ ቱቦ ቆርጦ ሽቦ ላይ ማልበስ አይበቃም፤ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፣ ውስጡ ውሃ ይቋጥራል። ለቆሙ ስኒዎች ስኒውንና ከጎኑ ያለውን ሽቦ የሚሸፍን ክዳን አለ። አዲስ ምሰሶ ሲተከል በሽቦዎቹ መካከል ትልልቆቹ ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተው ሁለቱን አብረው የማይነኩበት ርቀት እንዲኖር፣ ወይም ስኒው እንዲንጠለጠል ጠይቁ። ወፍ እንዳታርፍ ሹል ብረት መትከልን ግን ብዙም አልደግፈውም፤ ወፏ ጥቂት ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ ሽቦው አጠገብ ታርፋለች።

ለግጭት በቀጭኑ ሽቦ ላይ በየ5 እስከ 10 ሜትሩ የሚሰቀሉ ጠመዝማዛ ወይም የሚወዛወዙ ምልክቶች አሉ። ግጭትን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንሱ ታይቷል። ከዚህ የሚሻለው መስመሩን ሲጀመር ከሐይቁ ዳርቻ ማራቅ ነው፣ ስለዚህ አዲስ መስመር ሊዘረጋ ነው ሲባል ቀድማችሁ በወረዳው ተናገሩ።

አንድ መስመር መለወጥ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከፖርት ሱዳን ይታያል። እዚያ የነበረ ወደ 31 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መስመር ለአሥርት ዓመታት ፊቱ ቢጫ፣ ላባው ነጭ የሆነውን ትንሹን ጥንብ አንሳ ሲገድል ኖሮ በ2014 እ.ኤ.አ. ከአገልግሎት ወጥቶ በተሸፈነ መስመር ተተካ። ከባልካንና ከቱርክ ተነሥቶ ሱዳንን አቋርጦ ወደ እኛ የሚመጣው ይኸው ወፍ ነው።

እኛው ልንሠራው የምንችለው

የሞተ ከብት ከምሰሶ አጠገብ አትጣሉ፣ ከመስመሩ ራቅ ወዳለ ቦታ ውሰዱት። መርዝ አታስገቡበት፣ አሞራ በመርዝም ያልቃል። በየአጸዱ ያሉትን ዋርካና ሾላ ጠብቋቸው፤ ከፍ ያለ ዛፍ በቀረበበት ቦታ ወፏ ከምሰሶ ይልቅ እሱን ትመርጣለች።

ምሰሶው ከተጠገነ በኋላም ተመልሳችሁ እዩት። ክዳን በነፋስ ይንሸራተታል፣ በጥገና ጊዜም ተነሥቶ ሳይመለስ ሊቀር ይችላል። እኔ በየክረምቱ መግቢያና በጥቅምት እዞራለሁ፣ የድሮውን ፎቶ ከአዲሱ ጋር አስተያያለሁ።