ሬዲዮ ይዛችሁ ወደ ጎጃም ለምትመጡ

ውጭ አገር የአማተር ሬዲዮ (በትርፍ ጊዜ ከሩቅ ሰው ጋር በሬዲዮ የመገናኘት) ፈቃድ ያላችሁ የአገር ልጆች፣ ሬዲዮውን ሻንጣ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት የኢትዮጵያን ፈቃድ ጨርሱ። የአውሮፓው ሴፕት (CEPT፣ የአውሮፓ አገሮች የፖስታና የቴሌኮም ጉባኤ) ፈቃድ ብዙ አገር ያስኬዳል፤ ኢትዮጵያ ግን ስምምነቱ ውስጥ የለችም። እዚህ የሬዲዮ ሞገድ የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሳትበሩ ጠይቁት፤ ወረቀቱም ከዕቃው አይለይ። «ደርሼ አስጨርሳለሁ» ማለት ሬዲዮን ጉምሩክ ላይ ሊያስቀር ይችላል።

አንቴና ግን አትሸከሙ። ለ20 ሜትር ባንድ (የሞገዱ ርዝመት 20 ሜትር ያህል ለሆነበት የሬዲዮ ክልል) በድምሩ 10 ሜትር ያህል ሽቦ ይበቃል፤ ግራና ቀኝ አምስት አምስት። ደብረ ማርቆስ ሆነ ዳንግላ ባሕር ዛፍ ሞልቷል። ገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይ አስሮ ቅርንጫፍ ማሻገር ነው (የሰፈር እረኞች ከእናንተ ይሻላሉ፣ ወንጭፍ ለምደዋል)። ከመብራት ሽቦ ራቁ። ክረምት ከሆነ ደመናው ሲጠቁር አንቴናውን ከሬዲዮው ንቀሉ፤ የጎጃም መብረቅ ቀልድ አያውቅም። ከሁሉ በፊት ደግሞ ለባለ ዛፉና ለቀበሌው ንገሩ። ዛፍ ላይ ሽቦ የሚያስር እንግዳ በዚህ ጊዜ ያስጠረጥራል፤ ሁኔታው ካላማረ ሬዲዮውን ጭራሽ አታውጡት።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ሰዓቱ ነው። ከማን ጋር መቼ እንደተገናኛችሁ የምትጽፉበት መዝገብ የሚሞላው በዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) ስለሆነ፣ ቀን ከሆነ በእኛ ሰዓት ላይ 3 ደምሩ፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት 6 ይሆናል። ማታ 15 ደምሩ፦ ከምሽቱ 2 ሰዓት 17 ነው። የመዝገቡ ቀን የሚለወጠው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው።