ሪሞቱን ለልጁ ስጡት፦ ሴንሰሪ ሩም ስታዘጋጁ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

ልጄ ኦቲዝም አለበት። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ካለው ቤታችን አንዷን ጠባብ ክፍል ሴንሰሪ ሩም፣ ማለትም ልጁ በብርሃን፣ በድምፅና በሚዳሰስ ነገር የሚረጋጋባት ክፍል፣ ላድርጋት ብዬ ተነሳሁ። ታይዋን የሚባለው የከተማችን ገበያ ሄጄ ቀለም የሚቀያይር መብራት፣ የሚሽከረከር ኳስና ስፒከር ገዛሁ። ሁሉንም ባንዴ አበራሁት። ልጁ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ወጣ፤ ሳሎን ፋኑ ስር ተጋደመ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ፋኑ ሲዞር እያየ ቆየ።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ሁሉን ባንዴ ማብራት። አንዳንዱ ልጅ ድምፅና ብርሃን ቶሎ ይበዛበታል። ሌላው ደግሞ ካልዘለለ ወይም ጠበቅ አድርገው ካላቀፉት አይረጋጋም። የእናንተው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው አንድ ነገር አብርቶ፣ ዝም ብሎ በማየት ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። የመብራቱን ሪሞት እኛ ይዘን እንቀመጣለን። "ይቺን ንካ! ያንን እይ!" እንላለን። ይህ ዓይነት ክፍል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኔዘርላንድስ ውስጥ ነው። ስኑዝለን ይሉታል፤ ከሁለት የደች ቃላት የተገጠመ ነው፣ ማነፍነፍና ማሸለብ። ሰውየው እንዳሻው እንዲያነፈንፍ፣ ሲለው እንዲያሸልብ ማለት ነው። አዛዥ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ጥናትም ኦቲዝም ያለባቸውን 41 ልጆች ተመልክቷል። መሣሪያውን ራሳቸው ሲቆጣጠሩት ትኩረታቸው ጨመረ፣ የሚደጋግሙት እንቅስቃሴም ቀነሰ።

እኔም ሪሞቱን ሰጠሁት። ሰማያዊ፣ ጠፋ። ሰማያዊ፣ ጠፋ። ሃያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። "አቦ ይበቃል!" ልለው አፌን ስከፍት እናቴ ከበሩ ላይ "ተዪው እስቲ፣ ሥራ ላይ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነበር። በሃያ አንደኛው ሪሞቱን አስቀምጦ ትራሱ ላይ ጋደም አለ።

የደህንነቱን ነገር ባጭሩ ልበል። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ካላችሁ ሐኪሙን ሳትጠይቁ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አታስገቡ። ለማረጋጋት ተብሎ የሚለበሰው ከባድ ብርድ ልብስም ልጁ ራሱ ገፎ መጣል ካልቻለ አይልበሰው። ደግሞስ በድሬ ሙቀት ማን ይችለዋል? ሩዝ የሞላች ትንሽ ከረጢት ጭኑ ላይ ብታስቀምጡለት ትበቃለች። ዕጣንም ለኛ ደስ ቢለን፣ አስም ላለበት ልጅ ጭሱ ጠላት ነው።

"ገንዘብ የለኝም" ብሎ መተውም ስህተት ነው። የውሃ አረፋ የሚሠራው ውድ ቱቦ መብራት ሲጠፋ ዱላ ነው። የኛ ቤት ተወዳጅ ከደቻቱ ወንዝ የመጣ አሸዋ ነው፤ ነፍቼ፣ አጥቤ ሳፋ ውስጥ አደረግኩት። ሌላው የሐረር ስፌት ነው። ልጄ ክብ ክቡን በጣቱ ይከተለዋል፤ ከመሃል ይነሳና ጠርዙ ጋ ሲደርስ ይስቃል።

ክፍሉን ለቅጣት ወይም ለማባበያ አታድርጉት። "ካልበላህ አትገባም" ከተባለ ማረፊያነቱ ቀረ። ፈውስም አትጠብቁበት። ልጁን ያረጋጋል፣ ያስደስታል፤ የንግግር ሥልጠናውን ግን አይተካም።

የኔው አሁንም አንዳንድ ቀን ክፍሉን ትቶ ፋኑ ስር ይተኛል። መጋረጃውን እዘጋለትና ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።